ከብራናው ነጥብ እስከ ሥራ ማመልከቻው፦ ስለ ራስ የመጻፍ ሥርዓት አጭር ታሪክ

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይላል የአገራችን ሰው። የዚህ ብሂል እውነትነት ጎልቶ ከሚታይባቸው የጽሑፍ ዓይነቶች አንዱ፣ ሰው ሥራ ለመያዝ ወይም ለከፍተኛ ትምህርት ለመወዳደር ሲል ስለ ራሱ ጽፎ የሚያቀርበው አጭር መግለጫ ነው። በመሥሪያ ቤት ልማድ «የሕይወት ታሪክ»፣ በዛሬው አነጋገር ደግሞ «ሲቪ» የሚባለው ይህ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ገጽ አይበልጥም። ይሁን እንጂ የአንድ ሰው የሃያና የሠላሳ ዓመት ድካም በዚያች ወረቀት ላይ ይመዘናል። መዛኙ አመልካቹን አያውቀውም፤ ድምፁን አልሰማም፤ የእጁን ሥራ አላየም። በፊቱ ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው። ስለዚህ የወረቀቱ ሰዋስውና ሥርዓተ ነጥብ ስለ አመልካቹ ቃሉን የሚሰጥ የመጀመሪያው ምስክር ይሆናል።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ጥያቄዎችን ማንሣት ይገባል። ነጥቡና ሰረዙ ከየት መጡ? ስለ ራስ ጽፎ ማመልከትስ እንዴት ተጀመረ? ሁለቱ መቼና የት ተገናኙ? ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ በታሪክ ውስጥ ስንከተል አንድ ነገር እንረዳለን። ሥርዓተ ነጥብ በእኛ ጽሑፍ ውስጥ የአንባቢን ዐይን ከማሳረፍ ተነሥቶ፣ ጸሐፊው ለተናገረው ነገር ኀላፊ መሆኑን የሚያረጋግጥበት ምልክት እስከ መሆን ደርሷል።

የነጥቡ ምንጭ

በጥንቱ የአክሱም ዘመን በድንጋይ ላይ በተቀረጹ ጽሑፎች ቃልን ከቃል ይለይ የነበረው ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ነው። ድንጋይ ፈልፍሎ መጻፍ አድካሚ ሥራ መሆኑ ግልጽ ነው። ቀራጩ ድካሙን ለማቃለል ብሎ መለያውን መስመር ሊተወው ይችል ነበር፤ ግን አልተወውም። ጽሑፍ ከድንጋይ ወደ ብራና ሲሸጋገር መስመሩ ቦታውን ለሁለት ነጥብ ለቀቀ። ሁለት ነጥብ (፡) ቃልን ከቃል፣ አራት ነጥብ (።) ዐረፍተ ነገርን ከዐረፍተ ነገር ለየ። የዐቢይ ክፍል ማብቂያ ደግሞ በቀይና በጥቁር ቀለም በተደረደሩ ነጥቦች ይታወቅ ነበር።

ቁም ጸሐፊው ብራናውን ፍቆ፣ አስምሮ፣ ቀለሙን በጥብጦና ብርዑን ቀርጾ ሲቀመጥ፣ እያንዳንዱ ነጥብ የሥራው ክፍል ነበር። ፊደል ቢሳሳት ብራናውን ፍቆ ያርማል፤ የዘለለው ቃል ቢኖር በመስመሮቹ መካከል ወይም በኅዳጉ ላይ ይጨምራል። የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይለያል። ስለ ራሱ ግን የሚጽፈው በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ስሙን፣ መጽሐፉን ያስጻፈውን ሰው ስም፣ አንባቢ በጸሎት እንዲያስበው የሚለምንበትን ቃል ያሰፍርና ያቆማል። በአጭሩ፣ በቦታውና በልኩ ስለ ራስ የመጻፍ ልማድ ከዚህ ይጀምራል ብንል ከእውነት አንርቅም።

«ሰዋስው» የሚለው ቃል በግእዝ መሰላል ማለት ነው። ሊቃውንቱ ለቋንቋ ትምህርት ይህን ስም መምረጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። መሰላል እርከን በእርከን ይወጣል፤ አንዱ እርከን የተሰበረ እንደሆነ የላይኛው መኖር አይጠቅምም። የአማርኛው ሰዋስው በመጽሐፍ መልክ የተዘጋጀው ግን ዘግይቶ ነው። ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ከኢትዮጵያዊው ከአባ ጎርጎርዮስ በተማረው መሠረት እ.ኤ.አ. በ1698 በፍራንክፈርት የአማርኛ ሰዋስው በላቲን ቋንቋ አሳተመ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1905 በሮማ ያሳተሙት የአማርኛ ሰዋስውም የተጻፈው ለጣሊያንኛ አንባቢ ነበር። የአገሩ ተማሪ በገዛ ቋንቋው የሚማርበትን ሰዋስው በማሰናዳት ስማቸው በቀዳሚነት ከሚነሣው መካከል ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ይገኙበታል። እንግዲህ አማርኛ ተናጋሪው ቋንቋውን ከእናቱ ቢማርም፣ የቋንቋውን ሕግ በመጽሐፍ አግኝቶ ማጥናት የጀመረው በቅርብ ዘመን ነው። ይህን ማስታወስ የዛሬውን አመልካች ስሕተት ስንመዝን ይጠቅመናል።

ከፉከራ እስከ ደብዳቤ

የሕይወትና የሥራ ታሪክን በአደባባይ ማቅረብ ለኅብረተሰባችን እንግዳ ነገር አልነበረም። ከዘመቻ የተመለሰው ወታደር በጌታው ፊት ቆሞ ሲፎክር የትውልድ ሐረጉን ይጠራል፤ የዋለበትን የጦር ሜዳ ይቆጥራል፤ ግዳዩን ይዘረዝራል። ይህ በቃል የቀረበ የሥራ ልምድ መግለጫ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በፉከራው ግን ማጋነን የተፈቀደ፣ እንዲያውም የሚጠበቅ ነበር። አብረውት የዘመቱ በዙሪያው ስለ ነበሩ፣ እውነቱ የቱ፣ ጌጡ የቱ እንደሆነ ይለዩለታል። የድምፁ አጣጣል፣ የጎራዴው አነሣሥ፣ የአድማጩ እልልታ ሁሉ የንግግሩ ሥርዓተ ነጥብ ነበሩ። ወረቀት እነዚህ ሁሉ የሉትም። ድምፁ የሚያርፍበትን ቦታ ነጠላ ሰረዝ፣ የጎራዴውን መመለስ አራት ነጥብ ካልተካው፣ የጸሐፊው ሐሳብ በአንባቢው ዘንድ ሌላ መልክ ይዞ ይገኛል።

ሁለተኛው ምንጭ አቤቱታ ነው። ተበዳይ በንጉሥ ወይም በዳኛ ደጅ ቆሞ «አቤት!» እያለ ይጮኻል፤ ሲፈቀድለትም ማንነቱን፣ በደሉንና የሚፈልገውን ፍርድ በቅደም ተከተል ያሰማል። ማንነት፣ ጉዳይና ጥያቄ የተባሉት ሦስቱ ክፍሎች ዛሬም የማመልከቻ አጥንት ናቸው።

ይህ አቀራረብ በጽሑፍ ከሚታይባቸው የታወቁ ሰነዶች አንዱ ዐጼ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1862 ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ የላኩት የአማርኛ ደብዳቤ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከሰላምታ ቀጥለው ከአባቶቻቸው ዘመን ጀምሮ የመንግሥቱን ሁኔታ፣ እግዚአብሔር እርሳቸውን አንሥቶ ለዙፋን እንዴት እንዳበቃቸው፣ ቀጥሎም ያሰቡትን ጉዳይ ይገልጻሉ። ደብዳቤው በጊዜው መልስ ሳያገኝ ቀረ። ከዚያ የተከተለው ቅያሜ፣ የአውሮፓውያኑ መታሰርና በ1860 ዓ.ም. የመቅደላው ፍጻሜ በታሪክ የታወቀ ነው። እዚህ ላይ ጉድለቱ ከጸሐፊው ወገን አልነበረም። ጽሑፍ ሁለት ባለ ዕዳዎች እንዳሉት ግን ያሳየናል፤ አንደኛው አጥርቶ የሚጽፈው፣ ሁለተኛው አንብቦ የሚመልሰው ነው።

በሌላው ዓለምም የሆነው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። «ኩሪኩለም ቪቴ» የሚለው የላቲን ስም የሕይወት ሩጫ ማለት ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ እ.ኤ.አ. በ1482 አካባቢ የሚላኖ ገዢ ለነበረው ለሉዶቪኮ ስፎርዛ ያዘጋጀው ደብዳቤ ከሥራ ማመልከቻዎች ሁሉ ስመ ጥር ነው። ሊዮናርዶ ዕውቀቱን በአሥር ያህል ነጥቦች ከፋፍሎ፣ ድልድይና የጦር መሣሪያ መሥራት መቻሉን በየተራው ካስረዳ በኋላ፣ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ማወቁን ወደ መጨረሻው ብቻ ያነሣል። ገዢው በጊዜው የሚፈልገው መሐንዲስ መሆኑን ስላወቀ ነው። የዝርዝሩ አከፋፈል ራሱ የአንባቢን ችግር የተረዳ ሰው ሥራ ነው። ከዚያም ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1496 የቬኒሱ አታሚ አልዱስ ማኑቲየስ ዛሬ የላቲን ፊደል ተጠቃሚዎች በድርብ ሰረዝ ቦታ የሚጠቀሙበትን ምልክት ባሳተመው መጽሐፍ ላይ አዋለ። ማተሚያ ቤትና ሥርዓተ ነጥብ አብረው የሚያድጉ መሆናቸው በአውሮፓም በእኛም ዘንድ ታይቷል።

አንድ ግሥ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማሳየት ከታሪካችን የውጫሌን ውል መጥቀስ ይበቃል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ፣ በአማርኛው ዐጼ ምኒልክ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም እንደሚቻላቸው ሲገልጽ፣ የኢጣሊያው ወገን ግን በራሱ ቋንቋ ያለውን ቃል እንደ ግዴታ ቆጠረው። በሚቻልና በሚገባ መካከል ያለው ልዩነት የሰዋስው ልዩነት ነው። ልዩነቱ ግን በሰዋስው ትምህርት ቤት አልተፈታም፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ተፈታ።

መሥሪያ ቤትና የጽሕፈት መኪና

ስለ ራስ ጽፎ ሥራ መጠየቅ በስፋት የመጣው ዘመናዊ መሥሪያ ቤት ከተቋቋመ በኋላ ነው። ዐጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጽሕፈት ሚኒስቴር ከመጀመሪያዎቹ መሥሪያ ቤቶች አንዱ ነበር። ከዚያ የተከፈቱት የዳግማዊ ምኒልክና የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤቶች ብዕር የሚይዝ ወጣት አወጡ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሥራውን ጀመረ፤ በስሙ የተጠራው ጋዜጣም በ1917 ዓ.ም. መታተም ያዘ። አዲስ ዘመን ጋዜጣ በ1933 ዓ.ም. ተከተለ። በእነዚህ ኅትመቶች አማካይነት ነጠላ ሰረዝ (፣) እና ድርብ ሰረዝ (፤) ቦታቸውን እያጠሩ ሄዱ፤ ትእምርተ ጥያቄ፣ ቃለ አጋኖ፣ ትእምርተ ጥቅስና ቅንፍ ከአውሮፓ ኅትመት ተወስደው ከጥንቶቹ ነጥቦች ጎን ተሰለፉ። ለዘመናት ቃልን ከቃል ሲለይ የኖረው ሁለት ነጥብ ደግሞ ቀስ በቀስ ቦታውን ለባዶ ክፍተት ለቀቀ።

የጽሕፈት መኪና መምጣት ሌላ ምዕራፍ ከፈተ። የአማርኛ ፊደል ከግእዝ እስከ ሳብዕ 33 ጊዜ 7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። በላቲን ፊደል መጠን የተሠራው መኪና ለዚህ ሁሉ የሚበቃ ቁልፍ አልነበረውም። መሐንዲስ አያና ብሩን የመሰሉ ሰዎች ይህን ችግር ለመፍታት ደክመዋል። በኋላ በብዙ መሥሪያ ቤት የታየው መኪና ፊደሉንና ቅጥያውን ለየብቻ እየመታ የሚያገናኝ ነበር። አራት ነጥብም ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመምታት ይጻፍ ጀመር። በካርቦን ተደርቦ በሚመታ ጽሑፍ ላይ አንድ ስሕተት ሲፈጠር በሁሉም ቅጂ ላይ ስለሚቀር፣ ጥሩ ታይፒስት ከመምታቱ በፊት ረቂቁን ማንበብ ግዴታው ነበር። ብዙ ማመልከቻ ከአመልካቹ ይልቅ በታይፒስቱ ጥንቃቄ ድኗል ማለት ይቻላል።

አማርኛ በ1948 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የመንግሥቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ መሆኑ ተደነገገ። እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞችን ቅጥርና ዕድገት በአንድ ሥርዓት የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት በትእዛዝ ተቋቋመ። ቅጥር በዝምድናና በደጅ ጥናት ብቻ ሳይሆን በማስረጃና በውድድር ይሁን የሚለው ሐሳብ ሕጋዊ መልክ ያዘ። ሐሳቡ በተግባር ምን ያህል ተፈጸመ የሚለው ራሱን የቻለ ጥናት የሚጠይቅ ነው። ለእኛ ርእስ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፤ የማያውቁት ሰው ለማያውቃቸው ሰዎች በወረቀት ብቻ ራሱን የሚያቀርብበት ዘመን ደረሰ። ፉከራው ወደ ቅጽ፣ አቤቱታው ወደ ማመልከቻ ተለወጠ። «ጉዳዩ፦» የሚለው መስመር፣ በግርጌ የሚሠመርበት ርእስ፣ «ከሰላምታ ጋር» የሚለው መዝጊያ የዚህ ዘመን ቅርሶች ናቸው።

አሻራና ብዕር

ይህ ሁሉ ሲሆን ከሕዝቡ አብዛኛው መጻፍና ማንበብ አይችልም ነበር። በፍርድ ቤቶችና በመሥሪያ ቤቶች ደጅ ጥላ ዘርግተው ወይም በግንብ ጥግ ተቀምጠው የሚጽፉት ራፖር ጸሐፊዎች ለዚህ ሰው ብቸኛ ብዕር ነበሩ። ባለጉዳዩ ይናገራል፤ ጸሐፊው ያሳምራል። ባለጉዳዩ ያላለው ቃል ይገባል፤ ያለው ይወጣል። የተጻፈው ቢነበብለትም ነጥቡ የት እንደ ወደቀ አያውቅም። በመጨረሻ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ያትማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መፈረም ለማይችል ሰው የጣት አሻራን በፊርማ ምትክ ሲቀበል፣ ማንበብ የማይችል ሰው የፈረመው ውል ሥልጣን ባለው ሹም ፊት ካልተረጋገጠ እንዳያስገድደው መደንገጉ፣ ሰው በማያነበው ጽሑፍ መታሰሩ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ሕግ አውጪው መገንዘቡን ያሳያል።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አለው። ትምህርቱ በመጀመሪያ በ5፣ በኋላም እየሰፋ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ አማካይነት ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አግኝቷል። በዘመቻው ላይ በልዩ ልዩ በኩል የሚቀርቡ ትችቶች ቢኖሩም፣ አሻራውን በስሙ የለወጠው ገበሬና የቤት እመቤት ያገኘው ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ስሙን ጽፎ ከአጠገቡ ነጥብ ያሳረፈ ሰው፣ ስለ ራሱ የሚነገረውን ነገር የመጀመሪያ መስመር በገዛ እጁ ያዘ።

ስሕተት የሚሠራባቸው ስፍራዎች

የዛሬው አመልካች የሚሠራቸው ስሕተቶች ብዙዎቹ ከዚሁ ታሪክ የተወረሱ ናቸው። የመጀመሪያው የአንቀጽ መንዛዛት ነው። በገድልና በዜና መዋዕል አጻጻፍ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ተምሮ፣ ዘምቶ እያሉ ሥራን በሥራ ላይ መደረብ ውበት ነበር። በሥራ ማመልከቻ ግን ችግር ይፈጥራል። ለምሳሌ አንድ አመልካች «በ1945 ዓ.ም. ተወልጄ ትምህርቴን አጠናቅቄ በመምህርነት ተቀጥሬ በማታው ክፍለ ጊዜ ተምሬ ዲፕሎማ ተቀብዬ በርዕሰ መምህርነት ሠርቻለሁ» ቢል፣ በጽሑፉ ውስጥ ያለው ብቸኛ ዘመን የልደቱ ዘመን ነው። መቼ ተቀጠረ? ዲፕሎማውን የተቀበለው ከቅጥር በፊት ነው በኋላ? ርዕሰ መምህር ሆኖ ስንት ዓመት ቆየ? ዐረፍተ ነገሩ በአራት ነጥብ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ዘመን ቢይዝ ኖሮ ጥያቄው ባልተነሣም ነበር። አራት ነጥብ እዚህ ላይ «ይህን ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ ልትጠይቁኝ ትችላላችሁ» የማለት ያህል ነው።

ሁለተኛው የነጠላ ሰረዝ መጥፋት ነው። «የሂሳብ መምህርና የወርክሾፕ ኀላፊ ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ» የሚለውን እንመልከት። ሰውየው መምህር ነበርን ወይስ የመምህር ረዳት? «የሂሳብ መምህር፣ እንዲሁም የወርክሾፕ ኀላፊ ረዳት ሆኜ» ቢል ግን ማንም አይሳሳትም። በአንዲት ሰረዝ ምክንያት የሰው ማዕረግ ይወርዳል ወይም ያለ አግባብ ይወጣል።

ሦስተኛው የፊደል ጉዳይ ነው። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ አይቀነሱ የሚለው ክርክር የቆየ ነው፤ ሁለቱም ወገን የሚያቀርበው ምክንያት አለው። ሆኖም በግእዙ ሥር ሲታይ ሠዓሊ የሚሥለው ሲሆን ሰአሊ የሚለምነው ነው፤ ምሁር የተማረው ሲሆን ምሑር ምሕረት የተደረገለት ነው፤ ድኅነት መዳን ሲሆን ድህነት ማጣት ነው። ሥዕል ለማስተማር የሚያመለክት የኪነ ጥበብ ሰው የሙያውን ስም በለማኙ ፊደል ቢጽፍ፣ አንባቢው ሊቅ እንደሆነ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ከሞክሼነት ውጪ የሆነ ስሕተት ደግሞ የባሰ ነው። «በዕቃ ግምጃ ቤት 6 ዓመት ሠርቼ» ማለት የፈለገ ሰው እጁ ስቶ «ሰርቄ» ብሎ ቢመታ፣ ስለ ራሱ የመሰከረው ምን እንደሆነ ግልጽ ነው።

አራተኛው የእዝባር አጠቃቀም ነው። በመሥሪያ ቤት ልማድ ቃልን በእዝባር ማሳጠር እጅግ የተለመደ ነው። ነገር ግን «በማ/ቤት 5 ዓመት ቆይቻለሁ» የሚል ሰው በማተሚያ ቤት ነበር ወይስ በማረሚያ ቤት? ቦታ ለማትረፍ ተብሎ የቀረው ፊደል የሰውን ስም ያስይዛል።

አምስተኛው የባለቤትና የግሥ አለመስማማት ነው። ከአቤቱታ የወረስነው «አመልካች» የሚለው ቃል ጽሑፉን በሦስተኛ ሰው ያስጀምራል፤ ከሁለት መስመር በኋላ ጸሐፊው ወደ ራሱ ይመለስና «አመልካቹ በ1980 ዓ.ም. ተመርቄ» የሚል ይወጣዋል። አማርኛ ግሡ ራሱ ባለቤቱን የሚያመለክት ቋንቋ ስለሆነ አንባቢው የማን ታሪክ እንደሚያነብ ይጠራጠራል። አንዱን መንገድ መርጦ እስከ መጨረሻው መጓዝ ይበቃ ነበር።

ስድስተኛው የዘመን አጻጻፍ ነው። በእኛና በአውሮፓውያን አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የመጨረሻ ሳምንት አካባቢ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። በጥቅምት 1975 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሰው እ.ኤ.አ. በ1982፣ በሐምሌ 1975 ዓ.ም. የጀመረ ግን በ1983 ጀምሯል። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለው ምልክት ሲቀር ሰው ገና ሳይወለድ የተመረቀ፣ ወይም ሥራ ሳይዝ ጡረታ የወጣ ይመስላል። በአሜሪካ፣ በእስራኤል ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ችግር በየዕለቱ ያውቁታል። በእነርሱ ላይ ሌላም ይጨመራል፤ የአባታቸው ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጠር፣ የስማቸው ቅደም ተከተል በአንዱ ሰነድ አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት ሆኖ ከተገኘ ማስረጃው የሌላ ሰው እስኪመስል ድረስ ያከራክራል።

ስለ መዛኙ

እስካሁን የተባለው አመልካቹን የሚመለከት ነው። ይሁን እንጂ ሚዛኑን የያዘው ሰውም ከታሪኩ ሊማር ይገባል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት ዕውቅና እንዲኖራቸው፣ አማርኛም የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። ስለዚህ በአማርኛ የሚያመለክት ሁሉ አማርኛን በእናቱ ጭን የተማረ አይደለም። ሕንጻ የሚያቆም ግንበኛ፣ ሞተር የሚፈታ መካኒክ ወይም ክራር የሚመታ ሙዚቀኛ «ሠ»ን በ«ሰ» ለውጦ በመጻፉ ሙያው አይቀንስም። የቋንቋ ስሕተትን ሰበብ አድርጎ ችሎታን መጣል፣ የተማረው ወገን ራሱን ከሌላው የሚያጥርበት አጥር ይሆናል፤ ይህም ስሕተቱን ከሠራው ሰው የበለጠ ጥፋት ነው።

መፍትሔው ግን ሕጉን መተው አይደለም። ሕጉ ከተተወ የሚጎዳው ደካማው ነው፤ የተደናገረ ወረቀት ያለው ሰው የሚያብራራለት ዘመድ ያስፈልገዋልና፣ ዘመድ የሌለው ይቀራል። ጥርት ያለ ወረቀት ግን ያለ አማላጅ ይናገራል። ከዚህ የተነሣ መዛኙ ሁለት ዓይነት ስሕተቶችን ሊለይ ይገባል። አንደኛው ያልተማሩት ስሕተት ነው፤ እርሱ ይማራሉ፣ ይታረማል። ሁለተኛው ያላነበቡት ስሕተት ነው፤ ጸሐፊው እያወቀ፣ የገዛ ታሪኩን መልሶ ሳያይ የተወው። ሥራ ሰጪው ሊጠይቅበት የሚገባው ይህ ሁለተኛው ነው፤ የራሱን ዓመታት ቆጥሮ ያላስተካከለ ሰው የሌላውን ሒሳብ እንዴት ይይዛል ማለቱ ተገቢ ነውና።

የግእዝ ፊደልና ነጥቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ የየራሳቸውን ቦታ አግኝተዋል። አራት ነጥብ ዛሬ ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ነው። ሆኖም በጽሕፈት መኪናው ዘመን ልማድ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መምታት አሁንም አልቀረም፤ አንዳንዱም የላቲኑን ነጥብ ደርድሮ ያልፈዋል። ችግሩ ተወግዶ ልማዱ ሲቀር እንዲህ ይሆናል። ይህን ማረም የመምህሩ ተግባር ነው። ተማሪው ሥርዓተ ነጥብን ለፈተና ብቻ ከሚሸመድድ ይልቅ፣ የአንድ ገጽ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ፣ ለጓደኛው ሰጥቶ፣ ጓደኛው ያልገባውን እየጠየቀው በራሱ እጅ ቢያርመው፣ ነጠላ ሰረዝ ለምን እንደ ተፈጠረ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

የአክሱሙ ቀራጭ በድንጋይ ላይ መለያ መስመር ያቆመው ለማያውቀው አንባቢ ብሎ ነው። የብራናው ጸሐፊ ነጥቡን ያሳረፈው እርሱ ካለፈ በኋላ ለሚመጣ አንባቢ ነው። የሥራ አመልካችም አንባቢውን አያውቀውም፤ ምናልባትም ፊቱን አያየውም። ለማናውቀው ሰው አጥርቶ መጻፍ የጽሑፍ ባህላችን ጥንታዊ ጨዋነት ነው። ስለ ራሳችን ስንጽፍም ያው ነው፤ የሠራነውን ልክ በልኩ አስቀምጠን፣ ዘመኑን ከምልክቱ ጋር ጽፈን፣ ባበቃበት ቦታ አራት ነጥብ እናሳርፍበት።